ዳክዬዋ ትነሳልን

ማክሰኞ ዕለት እህቴ ከእኔ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሳት። የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ በአልጋዎቻችን መካከል ያለችው አንዲት ወንበር ብቻ ናት። ደብዳቤው ግን «ውድ ተጠያቂ» ብሎ ይጀምራል።

የምሠራው የንግድ ምልክት የሚያስጠብቅ ድርጅት ውስጥ ነው። አንድ ፋብሪካ ምልክቱን ሌላ ሰው ኢንተርኔት ላይ እንዳይጠቀምበት ሲፈልግ እኛን ይቀጥራል። እኛም የተጠቀመውን ሰው ፈልገን ለማኅበራዊ መድረኩ «ይነሳልን» የሚል ጥያቄ እንልካለን። መድረኩ ብዙ አይመራመርም፤ ጥያቄው እንደደረሰው ገጹን ይዘጋል። ምልክቱን የተጠቀሙትን ፈልጎ የሚያገኘው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው፤ ወንፊት እንለዋለን። ሌሊቱን ሙሉ ፎቶ ሲነፋ ያድርና፣ እኛ ጠዋት ከመግባታችን በፊት ላጠመደው ሁሉ ደብዳቤ ጽፎ ይጨርሳል። ከታች የተረኛውን ሠራተኛ ስም ያኖራል። ማክሰኞ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።

ደንበኛችን የሳሙና ፋብሪካ ነው። ሳሙናው ላይ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ጅራቷን የምታይ ነጭ ዳክዬ አለች። እህቴ ደግሞ ኬክ ጋጋሪ ናት። ቀደም ብሎ አንዲት ሴትዮ አዝዛት በዳክዬ ቅርጽ የሠራችውን ኬክ ፎቶ ገጿ ላይ ለጥፋ ነበር። የእሷም ዳክዬ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራለች። የኬክ አንገት ቀጥ ብሎ ከቆመ መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ጀርባው ላይ ካስደገፉት ግን ይደርሳል። ወንፊት ይህን አያውቅም።

ማታ ስገባ እህቴ ስልኳን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ውድ ተጠያቂ» ብላ አነበበችልኝ። «ውድ! ይኸን ያህል ትወጂኛለሽ ለካ።»

ዝም አልኩ።

«‹ያለ ፈቃድ የተገለገሉባት ዳክዬ የሦስተኛ ወገን ንብረት በመሆኗ።› አንደኛዋ አንቺ፣ ሁለተኛዋ እኔ፣ ሦስተኛዋ ዳክዬዋ መሆኗ ነው?»

ዝም ያልኩት ንቄያት አልነበረም። ቢሯችን ውስጥ ከውሃ ማጣሪያው በላይ የተለጠፈ ደንብ አለ፦ ከተጠያቂ ጋር በቃል መነጋገር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከእኔ በፊት የነበረች ልጅ ከአንድ ተጠያቂ ጋር በስልክ አብራ አልቅሳ ነው ይባላል ደንቡ የወጣው። የእኔ የሙከራ ጊዜ ገና አላለቀም። ደግሞ ተፈጥሮዬ ነው፤ ሳር አትርገጡ የሚል ጽሑፍ ካየሁ ሳሩን ዞር ብዬም አላየውም።

«አፍሽን ለጎሙት እንዴ?» አለች እህቴ።

«ተያት እስቲ፣ ገና መግባቷ ነው» አለች እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች።

«እማዬ» አልኩ፣ እህቴን ሳላይ። «ንገሪያት። ከተጠያቂ ጋር መነጋገር አልችልም። ተቃውሞ ካላት በቅጹ ታቅርብ።»

እማዬ ሁለታችንን አፈራርቃ አየችን። «አጠገብሽ ቆማ?»

«አንቺ ተጠያቂ አይደለሽማ።»

«ተመስገን ነው» አለች እማዬ። ወደ እህቴ ዞረች። «በቅጹ አቅርቢ ትልሻለች።»

«ሰምቻለሁ በያት። የተዘጋው ፔጄ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም።»

ከዚያ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ድምጿም ወረደ። ደንበኞቿ የሚያዙት በገጿ መልእክት በኩል ብቻ ነው። ምን እንደሚፈልጉ፣ ለየትኛው ሰዓት፣ የት እንደሚደርስላቸው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው ያለው፤ የማንም ስልክ ቁጥር የላትም። ቅዳሜ ሠርግ አለባት። ስለ ሙሽራዋ የምታስታውሰው ለውዝ እንደማይስማማት ብቻ ነው።

«ኬኩን ስንት ደረጃ እንዳለችኝ አላውቅም። ቀለሙን አላውቅም። አዳራሹ ከተማው ውስጥ ይሁን ከከተማ ውጪ አላውቅም። ቅዳሜ ሙሽራ ያለ ኬክ ከቆመች፣ ከእንግዲህ እኔን ማን ያዘኛል? እማዬ፣ ይኸን ንገሪልኝ።»

እማዬ አልነገረችኝም። ሰምቼ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አለቃችን ቢሮ ገባሁ። «እኛ ጋሻ ነን» ማለት ስለሚወድ በሌለበት ጋሼ ጋሻ እንለዋለን፤ ባለበት ጋሼ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ትናንት የሄደ አንድ ጥያቄ ስሕተት ያለበት ይመስለኛል።»

«ወንፊት አይሳሳትም።»

«ኬክ ነው እኮ።»

«ኬክ የመሰለ ሐሰተኛ ሳሙና ሊሆን ይችላል።»

«ተበልቷል።»

«ያውልሽ!» አለ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ማስረጃ ማጥፋት!»

ተጠያቂዋ እህቴ መሆኗን ቀስ ብዬ ነገርኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋ። ደንግጦ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«የኔ ልጅ» አለ፣ «ይኸንን ለማንም አትንገሪ። ድርጅቱ ዝምድና አያውቅም። ደግሞ አንዴ የቀረበ ክስ የሚነሳው የምልክቱ ባለቤት ሲያነሳው ብቻ ነው፤ እኔም አልችልም። ተቃውሞዋን ታስገባ፣ ተራዋ ሲደርስ ታነቢላታለሽ። ከዚያ ለፋብሪካው ትመሪዋለሽ።»

ወደ ወንበሬ ስመለስ፣ የማክሰኞ ማታውን ጠዋት ያጫወትኩት ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ አንገቱን በኮምፒውተሩ ላይ አሻግሮ «እናትሽን በቋሚነት አስቀጥሪያት፤ ጥሩ አስተርጓሚ ይወጣታል» አለኝ። ለእሱ ቀልድ ነበር።

በመድረኩ በኩል የገባው የእህቴ ተቃውሞ ከሰዓት በኋላ ተራው ደረሰ። ቅጹን አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ የማነበው ነው። መልሶቹን ግን በእሷ ድምፅ ነበር የሰማኋቸው።

ንብረቱ የተሠራው ከምንድን ነው? «ከቅቤ፣ ከስኳር፣ ከዱቄትና ከእንቁላል።»

ንብረቱ አሁን የት ይገኛል? «ሆድ ውስጥ።»

ንብረቱን ለማን አስተላልፈዋል? «ላዘዘችኝ ሴትዮ። ለባለቤቷ ልደት ነው ያለችኝ።»

ተጨማሪ አስተያየት ካለዎት። «ትናንት ማታ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ሳታጠፊ ተኝተሻል።»

የኬኩን ፎቶ አያይዛለች። አንብቤ ስጨርስ ደንቡ የሚያዘውን መልስ ላክሁላት፦ አስተያየትዎ ተመዝግቧል። ተቃውሞውን ለሳሙና ፋብሪካው መራሁት። ፋብሪካውም ለሚመለከተው ክፍል መርቼዋለሁ አለ። የሚመለከተው ክፍል እኛ ስለሆንን፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደብዳቤው ተመልሶ እኔው ዘንድ መጣ።

ማታ ቤት ስገባ እህቴ የእማዬን ስልክ መልሳ ስትሰጣት ደረስሁ። የእማዬ ገጽ ላይ አበባና መልካም ቀን የሚል ምኞት እንጂ ሌላ ነገር ወጥቶ አያውቅም፤ የሚያዩትም አክስቶቼ ናቸው። እህቴ «ውድ ተጠያቂ» የሚለውን ደብዳቤ ከኬኩ ፎቶ ጋር እዚያ ላይ እንዳለ ለጥፋው ነበር። ሥሩ፣ እማዬ በራሷ ጣት «የልጄ ዳክዬ ታሰረች» ብላ ጻፈችበት።

አክስቶቼ ለሰው አዳረሱት። ሰውም ለሰው።

ለሐሙስ አጥቢያ ከተማው ሁሉ ዳክዬ ሲሠራ አደረ። የወረቀት ዳክዬ፣ የሊጥ ዳክዬ፣ ከፎጣ የተጠቀለለ ዳክዬ። አንዲት ፀጉር ሠሪ የደንበኛዋን ፀጉር በዳክዬ ቅርጽ ጎንጉና አንገቱን ወደ ኋላ አዙራዋለች። ሁሉም ሥር «ትፈታ» ይላል። ሳሙናውን ግን ማንም አልጠቀሰውም፤ ብዙዎቹ ዳክዬዋ የሳሙና መሆኗንም አያውቁም። ወንፊት ግን ደስ ብሎት ነፋ። ልጆችን በዳክዬ ቅርጽ ተንሳፋፊ ለሚያሠለጥን የውሃ ዋና አስተማሪ ጻፈ። ወፍ ለሚያጠኑ ፕሮፌሰር፣ እውነተኛ ዳክዬ ፎቶ በማንሳታቸው ጻፈላቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አንገቱን አዙሮ ፎቶ ለተነሳ አንድ ሰውም ጻፈለት። ሰውየው ጠበቃ ሆኖ ተገኘ።

አለቃችን ኮቱን አውልቆ በየጠረጴዛው መሃል ይመላለስ ጀመር። «ደፍረውናል!» ይላል። «ቴክኒሻኑ የት አለ? ቀዳዳውን አጥብበው!»

«ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ከጠበበ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚይዘው» አለ ቴክኒሻኑ።

«ይያዛ! መያዝ አይደል ሥራው?»

ቴክኒሻኑ አጠበበው።

ዓርብ ጠዋት ስገባ የደብዳቤዎቹን ዝርዝር ከፈትሁ። ዓርብም ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ «ውድ ተጠያቂ» ብሎ፣ ያለ ፈቃድ በዳክዬ በመገልገሉ ገጹ እንዲዘጋ መጠየቃችንን የሚያስታውቀው ለራሱ ለሳሙና ፋብሪካው ነበር። የሳሙናው ፎቶዎች በሙሉ ከየሱቁ ገጽ ሳይቀር ወርደዋል። ፋብሪካው ጣሪያ ላይ የቆመችው የትልቋ ዳክዬ ፎቶም ወርዷል። የሁሉም ሥር ስሜ አለ።

ብዙም ሳይቆይ የሳሙናው ባለቤት መጡ። ደብዳቤውን አሳትመው ይዘውታል። ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ቀጭን፣ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚያንስ ሽማግሌ ናቸው።

«ውድ ተጠያቂ ማነው?» አሉ። «እኔ ነኝ?»

አለቃችን ሊመልስ አፉን ከፈተ። ባልደረባዬ በጣቱ ከውሃ ማጣሪያው በላይ ያለውን ደንብ አሳየው። አለቃችን አፉን ዘጋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ንገሪያቸው» አለኝ። «በጣም አዝነናል በያቸው።»

«በጣም አዝነናል» አልኳቸው።

«ይዘኑ» አሉ ሽማግሌው። «ክሱን አንሱልኝና ልሂድ።»

ክሱን ማንሳት የሚችለው የምልክቱ ባለቤት ብቻ ነው። የምልክቱ ባለቤት ደግሞ ራሱን አስመስሎ በመገኘቱ ተዘግቷል። ይህንንም እኔው ነገርኳቸው። አለቃችን ለመድረኩ የአቤቱታ መልእክት አጻፈኝ፤ መልሱ አልዘገየም፤ መድረኩም የራሱ ወንፊት አለው መሰለኝ። ጮክ ብዬ እንዳነበው ታዘዝሁ።

«ባደረግነው ማጣራት፣ በመድረካችን ላይ የቀረው የዳክዬዋ ብቸኛ ምስል ከአንድ የተቃውሞ ቅጽ ጋር የተያያዘ የኬክ ፎቶ ነው። በመሆኑም የዳክዬዋ ባለቤት ኬኩን የጋገሩት ግለሰብ መሆናቸውን መዝግበናል። ይህ ውሳኔ የሚለወጠው በባለቤቷ ፈቃድ ብቻ ነው።»

የሳሙናው ባለቤት የባልደረባዬን ወንበር ይዘው ተቀመጡ። «ከአባቴ የወረስኳት ዳክዬ ናት» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። ትንሽ ቆይተው «ሴትዮዋ የት ነው የምትገኘው?» ሲሉ ጠየቁ።

አለቃችን አየኝ። ያን ቀን የቤታችንን መንገድ በአለቃችን መኪና የኋላ ወንበር ተቀምጬ «በግራ፣ አሁን በቀኝ» እያልኩ መራሁ።

በሩን የከፈተችልን እማዬ ናት። ወጥ ቤቱ በኬክ ተሞልቷል። እህቴ ሙሽራዋ ምን እንዳዘዘች ስላላወቀች ያልተቀባ ኬክ በየመጠኑ ጋግራ ማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ ወንበሮቹ ላይ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ደርድራዋለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሰዎቹን ስታይ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት አለቃችን። «ዳክዬ አለሽ።»

«ምን አለኝ?»

አስረዳት። ሲያስረዳት ቀስ በቀስ ድምፁ እየሞቀ፣ ትከሻው እየሰፋ ሄደ፤ አዲስ ደንበኛ ፊት የሚያደርገውን አውቀዋለሁ። «ድርጅታችን ዳክዬሽን ሊጠብቅልሽ ዝግጁ ነው» ብሎ ጨረሰ።

«ከማን?»

አለቃችን ሳያስበው የሳሙናውን ባለቤት አየ። «ከ… አስመሳዮች» አለ።

ሽማግሌው አልሰሙትም። እማዬ ባቀበለቻቸው የእህቴ ስልክ ላይ ያለውን የኬክ ፎቶ አስጠግተው እያዩ ነበር። «እኔ ይቺን በልቻታለሁ!» አሉ። «ባለቤቴ ናት ለልደቴ ያመጣችልኝ። ጅራቷ ውስጥ ሎሚ ነበር።»

«የሎሚ ክሬም ነው» አለች እህቴ። «ወደዱት?»

«ሌላው ሳያየኝ ጅራቷን ብቻዬን ጨረስኩ።» ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱላት። «ልጄ፣ ዳክዬዬን መልሺልኝ።»

«አባባ፣ እኔ ዳክዬ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ፔጄን ነው። ነገ ሠርግ አለ።» ወደ እማዬ ዞረች። «ለዚያች ልጅ ንገሪያት። ፔጄን ማን ነው የሚከፍትልኝ?»

እማዬ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። «አልናገርም» አለች። «ሁለታችሁንም ከነአፋችሁ ነው የወለድኳችሁ።»

መልሱን አውቀው ነበር፤ መኪናው ውስጥ፣ ከሁለተኛው መታጠፊያ ጀምሮ። አለቃችን በዓይኑ ያስጠነቅቀኛል። አንድ ኬክ ከወንበር ላይ አንስቼ እማዬን አስታቀፍኳትና ተቀመጥኩ።

«እታለም» አልኩ። ስጠራት ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። «የዳክዬዋ ባለቤት አንቺ ነሽ። ክስ ማንሳት የሚችለው ባለቤት ብቻ ነው። አንቺው አንሺው።»

«በራሴ ላይ ያቀረብኩትን ክስ?»

«በአንቺ ላይ ያቀረብኩትን።»

አየችኝ። ረጅም አስተያየት ነበር። «የት ነው የሚነካው?» አለች።

አሳየኋት። «ደንቡ ግን…» ብሎ አለቃችን ጀመረ። የሳሙናው ባለቤት «አንተ ሰውዬ፣ ተቀመጥ» አሉት፤ የሚቀመጥበት ስለሌለ ቆመ።

እህቴ ክሱን አነሳች። ስልኩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ መልእክቶቹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ መጡ፤ ኋላ ላይ ጎርፍ ሆኑ። እህቴ በጣቷ እያንሸራተተች ሙሽራዋን ፈለገች። አገኘቻት።

«ሦስት ደረጃ!» አለች። «ነጭ! አዳራሹ እዚሁ ነው! እማዬ፣ እዚሁ ነው!» ከዚያ ወደ ታች እያወረደች ማንበብ ቀጠለች። «ዛሬ ጠዋትም ጽፋለች።»

«ምን ትላለች?» አለች እማዬ።

«ወሬውን ሰምቻለሁ፣ አይዞሽ ትላለች። ከተቻለ ከላይ በሙሽሮቹ ቦታ ሁለት ዳክዬ አድርጊልኝ ብላለች።»

ሁላችንም የሳሙናውን ባለቤት አየን። እሳቸው እህቴን አዩ። ከዚያ ፎቶውን እንደገና ጠየቋት።

«ጅራቷን አሳጥረሽባታል» አሉ። «የእኔይቱ ጅራት ወደ ላይ ቀና ይላል። ከፈቀድሽልኝ አንዷን እኔ ልሥራት።»

«ይታጠቡና ይምጡ።»

እማዬ ወደ ቧንቧው ወሰደቻቸው። ሳሙናውን አንስተው አገላብጠው አዩት፤ የእሳቸው አልነበረም። «የእርስዎን ትተነዋል» አለች እማዬ፣ ፎጣ እያቀበለቻቸው። «እጅ ያደርቃል።»

አለቃችን መሄድ አለመሄዱን ሳይወስን ቆሞ ሲያይ እህቴ ወንፊት ሰጠችው፤ እውነተኛውን፣ በእጅ የሚያዘውን። የተፈጨ ስኳር እንዲነፋላት ነገረችው። መጀመሪያ ላይ ጫማው ላይ ነፋው። ኋላ ላይ ለመደው። እኔ እንቁላል ስሰብር፣ ሽማግሌው ከስኳር ሊጥ ጅራት ሲያሾሉ፣ እማዬ ለሁሉም ሻይ ስትቀዳ ጊዜው መሸ። የሳሙናው ባለቤት ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «ዳክዬዬስ?» አሉ።

«ሠርጉ ይለፍ» አለቻቸው እህቴ። «ሰኞ መጥቼ እፈርምልዎታለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት የሙሽራዋ ወንድም መኪና ይዞ መጣ። ሦስቱን ደረጃ ለየብቻ ተሸክመን አወጣን። ሁለቱ ዳክዬዎች በሣጥን ነበሩ፤ አንደኛዋ ጅራቷ ቀና ያለ፣ ሁለተኛዋ አጠር ያለ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረዋል። መኪናው ደጃችን ያለውን ጉድጓድ ቀስ ብሎ አልፎ እስኪታጠፍ ድረስ እህቴ አጥሩ ጋ ቆማ ተመለከተችው። እማዬ ገብታ ተኛች።

እህቴ ወጥ ቤት ተመልሳ ሊጥ ማቡካት ጀመረች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫል፤ ገና ያልተከፈቱ መልእክቶች። አየችው፤ እጇ ግን እስከ ክርኗ ዱቄት ነው።

«ነይ እስቲ» አለችኝ። «አንብቢልኝ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ከፈትሁ። አንዲት እናት ለልጇ ልደት በድመት ቅርጽ የተሠራ ኬክ ትፈልጋለች፤ ለሚቀጥለው ሳምንት እሑድ፤ ልጁ ክሬም አይበላም። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እህቴ ሊጡን እየጨበጠች «እሺ በያት» አለች። እሺ ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።